ነፋስ የሌለበት ባሕር

በዚህ ዕትም የምናቀርበው ጽሑፍ ካለፈው ወር የጥናት ክበባችን የተገኘ ነው። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች የሆንን ሰባት ልጆች ረቡዕ ማታ፣ ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር፣ በአንዲት የክበባችን አባል ወላጆች ቤት እንሰበሰባለን። አብዛኞቻችን ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የመጀመሪያዎቹ ነን። ስለዚህ የምናጠናው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ወላጅ ለማስረዳትም ነው። በደንብ ያልገባን ነገር ደግሞ እዚያ ሳሎን ውስጥ ቶሎ ይታወቅብናል። ቡና የሚያፈሉልን የቤቱ እናት (ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው) ያልገባቸውን ዝም ብለው የሚያሳልፉ ሰው አይደሉም።

የወሩ ርእሳችን «መጠበቅ» ነበር። እያንዳንዳችን አንድ ጉዳይ ይዘን እንድንመጣ ተስማማን፤ ሰው መሄድ እየፈለገ የቆመበት፣ መግፋትም የማይጠቅምበት ጉዳይ። አንዱ የሆስፒታል ውጤት ጥበቃን ይዞ መጣ፣ አንዷ የመኖሪያ ቤት ማመልከቻን። ሦስተኛዋ ያመጣችው ማንም ያልጠበቀውን ነበር፦ ዓለምን በሸራ ጀልባ ለብቻ የመዞር ውድድር። እማማ ረከቦታቸው አጠገብ ሆነው አዳመጡና «በገዛ እጁ ነው የሚሄደው? ደመወዝ አለው?» ብለው ጠየቁ። የለውም አልናቸው። «እንግዲያስ ምን አጣ?» አሉ። ሳቅን። ግን ጥያቄው ሳያልቅ ሌሊቱ ተጋመሰ፤ ከዚያም ሦስት ረቡዕ በዚሁ ጉዳይ አለፈ።

የሸራ ጀልባ የሚሄደው በነፋስ ነው። ውድድሩ ረጅም ሲሆን ሁሉም ተወዳዳሪ ከአውሮፓ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ የምድር ወገብን ማቋረጥ አለበት። እዚያ ደግሞ ነፋስ የሚጠፋበት ቀበቶ አለ። ከሰሜን የሚመጣው ሰሜን ምሥራቃዊ ነፋስና ከደቡብ የሚመጣው ደቡብ ምሥራቃዊ ነፋስ በዚያ አካባቢ ይገናኛሉ። ፀሐይ ያጋለችው አየር ወደ ጎን መሄዱን ትቶ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከባሕሩ ፊት ላይ ነፋሱ ይደክማል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ወደ ላይ የወጣው እርጥብ አየር ደግሞ ጥቁር ደመና ሆኖ ድንገተኛ ዶፍና ነጎድጓድ ያወርዳል። መርከበኞች ይህን ቀበቶ ዶልድረምስ ይሉታል። ጀልባ እዚያ ውስጥ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ባለበት ሊቆም ይችላል።

ይህ ቀበቶ አንድ ቦታ የሚቀመጥ አይደለም። ፀሐይን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በአፍሪካ ላይ ከሰኔ ጀምሮ ወደ ሰሜን ይዘልቅና እስከ መስከረም ድረስ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ዝናም እንዲጥል ያደርጋል። ይህን ለእማማ ስናስረዳቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው «እሱማ የኛ ክረምት ነው!» አሉ። ልክ ናቸው። አትላንቲክ ላይ ጀልባ የሚያቆመው ያ የነፋሳት መገናኛ ሰማይ፣ ጎንደር ላይ ሲደርስ ክረምት ይባላል። (እዚህ አገር ላደግነው ቃሉ ራሱ ተገልብጦብናል፤ እኛ ክረምት የምንለው ታኅሣሥና ጥርን ነው፣ ወላጆቻችን ግን ሐምሌና ነሐሴን።)

ከዚያ በኋላ ተናጋሪዋ እማማ ሆኑ። በክረምት ወንዝ ይሞላል፤ ማዶ ያለ ዘመድ ታመመ ቢባል እንኳ ተሻግሮ የሚጠይቅ የለም። ሠርግ የለም። ገበያ ይቀዘቅዛል። ቤተ እስራኤል ሴቶች የሚታወቁበት የሸክላ ሥራም ይቆማል፤ «ሸክላ በክረምት አይደርቅም፣ ስፌት ነው የምንይዝ» አሉን። ወንዶቹ አረም ላይ ናቸው፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ የማረሻና የማጭድ ጥገና አለ። ማንም ሥራ አልፈታም፤ ሥራው ተቀየረ እንጂ። ዝናም አልቆም ብሎ የሚያለቅስ ሰውም አልነበረም፤ መስከረም እንደሚጠባ ሁሉም ያውቃል።

ማስታወሻ ደብተራችን ላይ ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ሁለቴ አሰመርንባት። ምክንያቷን ቆየት ብለን እናመጣዋለን።

መጀመሪያ ነፋስ ያጣ መርከበኛ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ከሩቅ ስናስበው ያረፈ ሰው ይመስለናል። እውነታው ሌላ ነው። ነፋስ ቢጠፋም የባሕሩ ውኃ ከሩቅ ማዕበል የተነሣ መወዛወዙን አይተውም። ጀልባው ወዲያና ወዲህ ሲል ባዶው ሸራ ከተራዳው ጋር ይላተማል፣ ገመዱ ይፈገፈጋል፣ ስፌቱ ይተረተራል። ሸራን የሚበላው ማዕበል ብቻ ሳይሆን ጸጥታም ነው። ስለዚህ ብልህ መርከበኛ ሸራውን ዝቅ የሚያደርግበትን ሰዓት ያውቃል። ትንሽ ሽውታ ስትመጣ ደግሞ ሰውነቱን ወደ አንድ ጎን አድርጎ ጀልባውን በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ሸራው በራሱ ክብደት ቅርጽ ይይዝና ያችን ሽውታ ይጠቀምባታል። ጥቁር ደመና ሲመጣ ይዘጋጃል፤ ከሥሩ ነፋስ አለ፣ የሚጠጣ የዝናም ውኃም አለ። ልምድ ያላቸው ደግሞ ሥራቸውን ቀደም ብለው ይጀምራሉ፦ አትላንቲክ ላይ ቀበቶው ወደ አፍሪካ ዳርቻ ሰፊ፣ ወደ ምዕራብ ጠባብ ስለሆነ ገና ሳይደርሱበት ጠበብ ወዳለበት ያመራሉ።

ሌላም አለ። ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በቆመ ጀልባ ሆድ ላይ ቅርፊት ለባሽ የሆኑ ትናንሽ የባሕር እንስሳት ይጣበቃሉ። ጀልባው በቆየ ቁጥር ይበዛሉ፤ በበዙ ቁጥር ነፋስ ሲመለስም ጀልባው ይጎተታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረው የጎልደን ግሎብ ውድድር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፊንላንዳዊው ታፒዮ ሌህቲነን ያጋጠመው ይህ ነው። አሸናፊው ፈረንሳዊ ዣን ሉክ ቫን ደን ሄድ 211 ቀን ሲፈጅበት፣ ሌህቲነን በእነዚህ እንስሳት የተሸፈነ ጀልባውን ይዞ የገባው በ322 ቀኑ ነው።

ይህ ምሳሌ ክፍል ውስጥ ከተማርነው ብዙ ነገር ይልቅ አሳማኝ ሆኖ አገኘነው። ቢሮ ውስጥ አንድ ቤተሰብ «ዓመት ሙሉ መልስ እየጠበቅን ነው» ሲል፣ የምንመዘግበው የመዘግየቱን ርዝመት ነው። ጀልባው ሆድ ላይ ምን እንደተጣበቀ ግን አንጠይቅም። ዕዳው ስንት ደረሰ? አባትየው ሥራ መፈለግ ያቆመው መቼ ነው? ልጅቷ «መልሱ ሲመጣ» ተብላ ሐኪም ዘንድ ሳትሄድ የቀረችው ስንት ጊዜ ነው? መልሱ በመጣ ማግሥትም እነዚህ ተጣብቀው ይቀራሉ። ፋይሉ ግን ያን ቀን ይዘጋል።

አሁን ወደ መስከረም እንመለስ። በ1985 ዴቪድ ማይስተር የሚባል የንግድ ሥራ አስተዳደር ምሁር ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ምን እንደሚሰማው ጽፎ ነበር። ከነጥቦቹ አንዱ፦ መጨረሻው ያልታወቀ ጥበቃ፣ መጨረሻው ከታወቀ ጥበቃ ይረዝማል፤ ሌላው፦ ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ፣ ከተነገረው ይረዝማል። ማይስተር የሚያወራው ስለ ምግብ ቤትና ስለ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ እኛ ግን ስናነበው ያሰብነው የአክስቶቻችንን ነው። ወላጆቻችን የመጠበቅ ችሎታቸውን የተማሩት ከክረምት ነው። ክረምት ከባድ ነው፣ ግን ቀን አለው። የወረቀት ጥበቃ መስከረም የለውም። «ታገሱ» የሚለው ምክር የተሠራው ለክረምት ነው፤ እኛ ባለሙያ ነን ባዮቹ ግን ቀን ለሌለው ጥበቃም ያንኑ ቃል እንሰጣለን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውንም እንጨምራለን። እማማ ይህን ተረት ስንጠቅስ «ዶሮዋንስ ማን ቆጠራት?» ብለውናል። እንቁላሉ ቆሞ የጠበቀ ቢመስልም አንዲት ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ሳትነሣ ታቅፈዋለች።

የማኅበረሰባችን ታሪክ በዚህ ሞልቷል። «የሙሴ ዘመቻ» በኅዳር 1984 ተጀምሮ፣ ወሬው ሲወጣ ጥር 5 ቀን 1985 ተቋረጠ፤ ሱዳን ውስጥ የቀሩት ከሞትና ከበሽታ ጋር ቀን ሳይነገራቸው ቆዩ። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከጎንደር አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ወርደው በእስራኤል ኤምባሲ ዙሪያ ጠበቁ፤ ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በ«ሰለሞን ዘመቻ» ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እስኪጫን ድረስ። ዓመት ሊሞላ የቀረበውን ያን ጥበቃ ስናጠና ዓይናችን ያረፈው በአውሮፕላኖቹ ላይ ሳይሆን በመካከል በተሠራው ሥራ ላይ ነው። ለልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሴቶች ጥልፍ ጠለፉ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሕፃናት ስለሞቱ የጤና ፕሮግራም ተቋቋመ። ይህ ሁሉ የመነሻውን ቀን አላቀረበውም፤ የጀልባውን ሆድ ግን ጠርጓል።

መስከረምን ሰጥቶ መልሶ መውሰድም አለ። በኅዳር 2015 መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲመጡ ወሰነ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በበጀት ምክንያት ተብሎ ጉዳዩ ተንጓተተ፤ የመጀመሪያዎቹ የመጡት በጥቅምት 2016 ነው። አምስቱ ዓመት ሲያልቅም ገና የሚጠብቁ ነበሩ። ከክበባችን መካከል በዚያ ዓመት ለአጎቷ አልጋ የተገዛላት አለች። አልጋው አሁንም አለ፤ እሷ ናት የምትተኛበት።

ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም ሰጥታለች፦ ያልለየለት ማጣት። ሰውየው በአካል የለም፣ በቤቱ አሳብ ውስጥ ግን አለ፤ ወይም በአካል አለ፣ አሳቡ ግን ሄዷል። 1999 ላይ ያሳተመችውን መጽሐፍ ስናነብ ሁለቱም በአንድ ቤት ሊገኙ እንደሚችሉ አየን፦ ወንድምየው ጎንደር ነው፣ እኅትየው ኤም ሃሞሻቮት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች፣ ግን እሷም እዚህ የለችም። ቦስ እንዲህ ያለው ቤተሰብ ታሟል ብላ አትጀምርም። የታመመው ሁኔታው ነው ትላለች። ለእኛ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ነፋስ የጠፋው መርከበኛው ስለሰነፈ አይደለምና።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈሩ ስም አንድ ነገር እናንሣ፤ ከርእሱ ብዙ አያርቀንም። ኤም ሃሞሻቮት «የሞሻቮት እናት» ማለት ሲሆን በ1878 የተመሠረተችው የፔታሕ ቲክቫ ቅጽል ነው። ፔታሕ ቲክቫ ደግሞ «የተስፋ በር» ማለት ነው፤ ከትንቢተ ሆሴዕ የተወሰደ ነው። ትንቢቱ የሚናገረው ስለ አኮር ሸለቆ ነው፤ መሥራቾቹም መጀመሪያ ሊገዙ ያሰቡት መሬት እዚያው በኢያሪኮ አጠገብ ነበር። ግዢው አልሆነላቸውም። ስሙን ይዘው ቆዩና ሌላ ቦታ ላይ ሰየሙት። በየቀኑ ከቀይ መስመር ባቡር ስንወርድ የምናነበው ስም ለሌላ ቦታ የታሰበ ነበር ማለት ነው።

ወደ ባሕሩ እንመለስ፤ የቀረው ከሁሉም የከበደው ነው።

በ1968 የመጀመሪያው የጎልደን ግሎብ ውድድር ሲደረግ ከተነሡት ዘጠኝ ሰዎች አንዱ ዶናልድ ክሮውኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ጥቅምት 31 ቀን ባልተዘጋጀ ጀልባ ተነሣ። ካልተሳካለት ዕዳው ቤቱን የሚያፈርስ ነበር። ጀልባው ውኃ እንደሚያስገባና ወደ ደቡብ ውቅያኖስ ቢገባ እንደማይተርፍ ሲያውቅ ሁለት መንገድ ቀረው፦ ተመልሶ መዋረድ ወይም ሄዶ መሞት። ሦስተኛ መንገድ ፈጠረ። በሬድዮ የሐሰት ቦታ ማስተላለፍ ጀመረ። እውነተኛውን ቦታ በአንድ መዝገብ፣ የሐሰቱን በሌላ እየጻፈ ለወራት አትላንቲክ ላይ ቆየ። በመካከል ሬድዮውን ዘጋ። በግንቦት 1969 የተቀናቃኙ የናይጄል ቴትሊ ጀልባ ሲሰምጥ፣ ያ የፈጠራ ጉዞ በፍጥነት ሊያሸልመው ተቃረበ፤ ከተሸለመ ደግሞ መዝገቡ ይመረመራል። በሰርጋሶ ባሕር እርጋታ ውስጥ ጀልባው ሲንሳፈፍ ሰውየው በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት ጻፈ። የመጨረሻው ጽሑፍ የሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ 10 ቀን ጀልባው ባዶውን ተገኘ። ውድድሩን የጨረሰው ብቸኛ ሰው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ያሸነፈውን 5 ሺህ ፓውንድ ለክሮውኸርስት ቤተሰብ ሰጠ።

ይህ ሲነበብ ሳሎኑ ዝም አለ። ከዚያ ከእኛ አንዱ «ሁለት መዝገብ እኔም ነበረኝ» አለ። ቀጥሎ ያለውን የምንጽፈው በፈቃዱ ነው።

በሁለተኛ ዓመቱ ሁለት የሴሚናር ጽሑፎች ሳያስረክብ ቀረ። የተጨመረለት ጊዜም አለፈ። ሰመስተሩን ሙሉ ክፍል አልገባም። ጠዋት ጠዋት ግን ቦርሳውን ይዞ ይወጣል፤ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ የገበያ ማዕከል ውስጥ ይቀመጣል። እናቱ «እንዴት ዋልክ?» ሲሉ «ይመስገን» ይላል። ያልተፈተነው ፈተና ላይ 84 አገኘሁ ብሏል። ለማን ምን እንዳለ እንዳይምታታበት ስልኩ ላይ ጽፎ ይይዝ ነበር፦ ለእማማ ይህን፣ ለአጎቴ ይህን፣ ለጓደኞቼ ይህን። እናቱ ለምረቃው ቀሚስ ጥበብ አሠርተዋል።

ከቤተሰባችን የመጀመሪያ መሆናችን እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። እቤት ውስጥ ማንም ሰመስተር ወድቆ አያውቅም፤ ማንም ገብቶ ስለማያውቅ። መዘግየት የተለመደ መሆኑን የሚነግር ታላቅ የለም። ደግሞም «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው» የሚለው ቃል የእናትየውም ጀልባ ነው።

ልጁ መጀመሪያ እውነተኛ ቦታውን የነገረው ለታላቅ እኅቱ ነው፤ ለእናቱ ለመንገር ሌላ ሁለት ወር ፈጀበት። ስትሰማው እኅቱ ያለችው «ስንት ቀረህ?» ብቻ ነበር። ሁለት ወረቀት። ከዚያ ወደ ተማሪዎች አማካሪ ሄዱ፤ አብረው። ዛሬ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ነው፣ ግን የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እስቲ እናንተም እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ አሁን ያላችሁበትን ትክክለኛ ቦታ የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? አንድም ከሌለ፣ መጀመሪያ የምትነግሩት ማን ይሆን? (ጭንቀቱ ከበረታ ደግሞ የኤራን የስልክ መስመር 1201 ሌትና ቀን ክፍት ነው። ለጓደኛ እየደወልን ነው ብላችሁ ብትጀምሩም ይሰሟችኋል።)

ይህን ስናወራ ከመካከላችን አንዷ «እኔ ግን ስጠብቅ መረጋጋት አልችልም፤ ስህተቱ የኔ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። ኬት ስዊኒ የምትባል ተመራማሪ በካሊፎርኒያ የጥብቅና ፈተና ወስደው ውጤቱን አራት ወር የሚጠብቁ ሰዎችን አጥንታ ነበር። በጥበቃው ወቅት የተጨነቁት፣ ውጤቱ መጥፎ ሲሆን ከተረጋጉት ይልቅ ፍሬያማ በሆነ መንገድ ተቀበሉት። ስለዚህ ለሚጠብቅ ሰው «አትጨነቅ» ማለት ሁልጊዜ ውለታ አይደለም። ጭንቀቱ ላይ ሌላ ጥፋተኝነት እንጨምርበታለን።

ስለ ሌላዋ መርከበኛም ብንጽፍ ደስ ይለናል። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሼፈር በ2022 የጎልደን ግሎብ ውድድር ላይ መስከረም 4 ቀን ከፈረንሳይ ተነሣች። ሕጉ የሳተላይት አቅጣጫ መሣሪያ አይፈቅድም፤ ፀሐይና ኮከብ በሴክስታንት ለክቶ ቦታን በወረቀት ካርታ ላይ መጻፍ ነው። በኅዳር ወር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የዚያው የሌህቲነን ጀልባ ሰመጠ፤ እሷ መንገዷን ቀይራ ከነፍስ አድን ታንኳው አወጣችው። 235 ቀን ፈጅቶባት ሚያዝያ 27 ቀን 2023 ስትገባ ለብቻ ዓለምን በመዞር ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በመጨረሻዋ ቀን እንኳ ነፋሱ ደካማ ነበር፤ መሪ መሆኗንም እስከ መጨረሻው አታውቅም ነበር። እኛን የሳበን ይህ የኋለኛው ነው። የት እንዳለች በየቀኑ በእጇ ትለካ ነበር፤ ስንተኛ እንደሆነች ግን አልለካችም።

በመስክ ልምምዳችን ላይ ከዚህ ጥናት የወሰድነው ትንሽ ነገር ነው፤ ጥያቄ መቀየር። ለሚጠብቅ ቤተሰብ «መልስ መጣ?» ብለን አንጀምርም፤ መምጣቱን እነሱ ሳይነግሩን አይቀሩም። «ከባለፈው ወዲህ ምን ተጣበቀባችሁ?» የሚለውን በየቤቱ ቋንቋ እንጠይቃለን፤ ዕዳ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ያልተሄደበት ለቅሶ ነው። የማናውቀውን ቀን አንሰጥም። ካወቅን ምክንያቱን እንናገራለን፣ ሳይጣፍጥም ቢሆን። በዚህ መንገድ የጠየቅነው አንድ አባት ተቆጥቶብናል፤ «እናንተ ወረቀቱን አምጡ» አለን። ልክ ነበር፤ ወረቀቱም የእኛ ሥራ ነው። ነፋስ በጠፋበት ቀን ሸራ መስፋት፣ ነፋሱን ያጠፋው ሰው ሲሆን ዝም ለማለት ፈቃድ አይሰጥም። ባሕር ላይ የሚከሰስ የለም፤ መሥሪያ ቤት ላይ ግን አለ። በዚህ ነጥብ ላይ ክበባችን እስከ ዛሬ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ ከሰባታችን ሦስቱ የባሕሩ ምሳሌ መሥሪያ ቤቶችን ያለ አግባብ ነጻ ያወጣል ይላሉ።

እማማ ጎንደር ወንድም አላቸው። ከ19 ዓመት በፊት ተለያይተዋል። ሐሙስ ሐሙስ በረንዳው ላይ ቆመው ይደውሉለታል፤ ድምፃቸው እስከ ሳሎን ይሰማል። ዱሮ የሚከፍቱት «መቼ ነው የምትመጣው?» በሚል ነበር፤ እሱም «እነሱ ያውቃሉ» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ስንልጥ ሰማናቸው። «ዛሬ ምን ሠራህ፣ ወንድም ዓለም?» አሉት። ጣራ እየደፈነ ነበር። ቆርቆሮው በሁለት ቦታ ተበስቷል፤ ሰኔ ሳይገባ ሬንጅ ፈልጎ ሊለጥፍበት ነው፤ ሬንጁ ተወዷል፤ ጎረቤት ግን ተርፎት አለው። እማማ ስለ ሬንጁ ዋጋ ሃያ ደቂቃ ያህል ተከራከሩት።